ፎቶውን ቀይራችሁ ደንበኛው አሮጌውን ሲያይ፦ የዌብሳይት ምስል ብራውዘር ውስጥ እንዳይሸጎጥ ማድረግ

ሰላም ሸጋዎች። ዌብሳይት የምትሠሩ፣ ወይም «አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለ» ተብላችሁ የዘመድ ሱቅ ዌብሳይት የተጫነባችሁ ሁሉ አንድ ቀን የምትጋጩበት ነገር አለ። እሱን እንጨርሰው።

እንበል የባቲን የሰኞ ገበያ የፍየልና የግመል ዋጋ በምስል እያደረጋችሁ ትለጥፋላችሁ። ፋይሉ ሁልጊዜ ዋጋ.ጄፒጂ ነው። ሰኞ ማታ አዲሱን ጫናችሁ፣ በስልካችሁ አያችሁት፣ ተኛችሁ። ጠዋት ከኮምቦልቻ አንድ ነጋዴ ይደውላል። «ያለፈው ሳምንት ዋጋ ነው እኮ ያለው።» «ኧረ ቀይሬዋለሁ ሀጂ።» «እያየሁት ነው የምልህ!»

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አዲሱ ምስል ሰርቨሩ (ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ላይ አለ። የሳቸው ስልክ ግን ባለፈው ያወረደውን ቅጂ ሸጉጦ ይዟል። ስሙ ያው ዋጋ.ጄፒጂ ስለሆነ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ አሮጌውን ያወጣላቸዋል። ካሽ የሚባለው ይሄ የተሸጎጠ ቅጂ ነው።

እዚህ ሲደርስ ብዙ ሰው «ታዲያ ካሹን ጥርቅም አድርጌ ልዝጋዋ!» ይላል። አዘጋጉን እነግራችኋለሁ። ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትፈልጉት መዝጋት አይደለም፤ አዲስ ሲኖር አዲሱ እንዲታይ ነው የምትፈልጉት። ልዩነቱን የሚከፍለው ደግሞ ዳታ በሜጋባይት የሚገዛው ደንበኛ ነው። ላሊበላ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ 20 የክፍል ፎቶ አለው እንበል፣ እያንዳንዱ 300 ኪሎባይት። ገጹ አንዴ ሲከፈት 6 ሜጋባይት ነው። ካሹ ክፍት ከሆነ እንግዳው ዋጋውን አይቶ፣ አድራሻውን አይቶ፣ እንደገና ወደ ክፍሎቹ ሲመጣ ምንም አያወርድም። ከዘጋችሁት በየመመላለሱ 6፣ 6፣ 6 እያለ ይሄዳል፣ ለገና ሰሞን ደግሞ ሁሉም በአንዴ ሲገባ ሰርቨራችሁም ይንበረከካል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልበልና ወደ ሥራው። ኮዶቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው። ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል ነው፣ ሰርቨር አማርኛ አይሰማም። የምስል ፋይል ስምም በላቲን ይሁን። በፊደላችን ከሰየማችሁት ሊንኩ ውስጥ አንዷ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች፣ «ዋጋ» የምትለዋ ብቻ 18 ምልክት ይወጣታል። ይሠራል፣ ግን ሊንኩን ለሰው ስትልኩ ያስጠላል፣ አንዳንድ ሆስቲንግ (ዌብሳይታችሁን የሚያስቀምጥላችሁ ድርጅት) ላይም ያስቸግራል።

መጀመሪያ፦ አሮጌውን የያዘው ማን እንደሆነ ለዩ

ኮድ ከመንካታችሁ በፊት የምስሉን የራሱን ሊንክ ኮፒ አድርጉና በኢንኮግኒቶ (ቀድሞ የተሸጎጠውን በማይጠቀመው የግል) መስኮት ክፈቱት። አዲሱ ከመጣ ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ጉዳዩ የብራውዘር ካሽ ነው። አሮጌው ከመጣ ሊንኩ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉና የፈለጋችሁትን ቁጥር ጨምሩ፣ ለምሳሌ ዋጋ.ጄፒጂ?77። ይሄን ሊንክ ማንም ከዚህ በፊት ጠይቆት ስለማያውቅ የተሸጎጠ ቅጂ ሊኖረው አይችልም። አሁን አዲሱ ከመጣ መሃል ላይ የሆነ ነገር፣ ክላውድፍሌር (በሰርቨራችሁና በደንበኛው መሃል ሆኖ ቅጂ የሚያቀብል አገልግሎት) ወይም ሌላ፣ አሮጌውን ይዟል። አሁንም አሮጌው ከመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው የጫናችሁት። ይሄ ከምታስቡት በላይ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ እና ካሽን ስትራገሙ ግማሽ ቀን ታቃጥላላችሁ።

ብራውዘሩ በምን ሒሳብ ነው የሚይዘው?

ይሄን ካወቃችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላል። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ምስል ሲልክ ከምስሉ ጋር አጫጭር መልእክቶች ይልካል፣ ሄደር ይባላሉ። ከነሱ አንዱ ካሽ-ኮንትሮል ነው። እሱ ላይ ማክስ-ኤጅ=86400 ካለ «ለ86400 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ቀን፣ ያለህን ተጠቀም፣ አትጠይቀኝ» ማለት ነው።

ምንም ካላለስ? ብዙ ሰው «ሄደር ካላስቀመጥኩ አይሸጎጥም» ብሎ ያስባል። ተቃራኒው ነው። ሰርቨሩ ዝም ካለ ብራውዘሩ ራሱ ይገምታል። የተለመደው ግምት ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ ከተቀየረ ያለፈውን ጊዜ አንድ አሥረኛ መውሰድ ነው። ምስሉ ሲወርድ ከተቀየረ 100 ቀን ሆኖት ከነበረ 10 ቀን ያህል ሊይዘው ይችላል። ለዚህ ነው በየሳምንቱ የሚቀየረው ዋጋ ቶሎ ሲስተካከል፣ ዓመት ሙሉ ሳይነካ የቆየ ሎጎ በቀየራችሁት ጊዜ ከአንዳንድ ሰው ስልክ አልወጣም ብሎ የሚያስቸግረው።

ዋናው መፍትሔ፦ ስሙን ቀይሩ

ለሎጎ፣ ለክፍል ፎቶ፣ ለዕቃ ፎቶ፣ ማለትም አልፎ አልፎ ለሚቀየር ነገር ሁሉ ሌላ ነገር አትሞክሩ። ሎጎ.ፒኤንጂ የነበረውን ሎጎ-2.ፒኤንጂ ብላችሁ ጫኑና ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ ቀይሩ። አለቀ። ብራውዘሩ ሎጎ-2 የሚባል ነገር ስለሌለው ግዴታው ነው፣ መጥቶ ይወስዳል።

ፋይሉን መሰየም ከሰለቻችሁ ሊንኩ ላይ ብቻ ሎጎ.ፒኤንጂ?ቪ=2 በሉት። በቀጣዩ ቪ=3። ፋይሉ ያው ነው፣ ለብራውዘሩ ግን ሌላ ሊንክ ነው። ፒኤችፒ የምትጽፉ ከሆነ ቁጥሩን በእጅ ከመቀየር ፋይልኤምታይም የሚባለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ፣ ፋይሉ የተቀየረበትን ሰዓት ራሱ እያነበበ ከሊንኩ ጀርባ ይለጥፋል። ምስሉን ስትጭኑ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ካልጫናችሁ ያው ይቆያል።

እዚህ ጋ የአሁኑን ሰዓት የሚለጥፉ ሰዎች አሉ፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ቁጥር እንዲመጣ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ደንበኛው በገባ ቁጥር ያንኑ ምስል ያወርዳል፣ ያ ሳያንስ እያንዳንዱ ቅጂ ስልኩ ላይ ለየብቻ ይቀመጣል፣ ለማንም ሳይጠቅም ቦታ ይይዛል።

ስም የመቀየሩ ዘዴ ሌላው ዘዴ የሌለው አንድ ጥቅም አለው። እስከዛሬ ሰርቨራችሁ «ለአንድ ዓመት ያዙት» ሲል ከነበረ ዛሬ ሄደሩን ብታስተካክሉ ትናንት ያወረዱት ሰዎች ጋ አይደርስም። ብራውዘራቸው ተመልሶ አይጠይቅማ! አዲሱን ሄደር እንዲያይ መጀመሪያ መምጣት አለበት፣ እንዳይመጣ ደግሞ እናንተው ናችሁ ያዘዛችሁት። እነዚያን ሰዎች ከእናንተ በኩል ለማስመለስ አስተማማኙ መንገድ አዲስ ሊንክ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ ገጹ ራሱ ለረጅም ጊዜ የሚሸጎጥ ከሆነ አዲሱን የምስል ሊንክ የሚያይ የለም፣ ስለዚህ ለኤችቲኤምኤሉ ኖ-ካሽ ስጡት (ምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ)። ምስሉ በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ፋይል) በኩል የሚመጣ ከሆነም የሲኤስኤስ ፋይሉ ሊንክ ቁጥሩን መቀየር አለበት። ሁለተኛ፣ ዎርድፕረስ ላይ ከሆናችሁ አሮጌውን በዚያው ስም ከመተካት አዲሱን በሌላ ስም ስቀሉት፤ ዎርድፕረስ ከአንድ ፎቶ የተለያየ መጠን ያላቸው ብዙ ፋይሎች ስለሚሠራ አንዱ ተቀይሮ አንዱ ሲቀር በኮምፒውተር አዲሱ፣ በስልክ አሮጌው ይታያል።

ስሙ መቀየር የማይችል ከሆነ፦ ኖ-ካሽ

የባቲው ዋጋ እንዲህ ነው። ሊንኩን ሌሎች ዌብሳይቶችና የቴሌግራም ቻናሎች ወስደውታል እንበል፣ ስሙን ብትቀይሩ የነሱ ይሰበራል። እዚህ የሚያስፈልጋችሁ ካሽ-ኮንትሮል ላይ ኖ-ካሽ ማለት ነው።

ስሙ ያሳስታል። ኖ-ካሽ «አታስቀምጥ» አይደለም። «አስቀምጥ፣ ግን ከማሳየትህ በፊት ሁልጊዜ ጠይቀኝ» ነው። ብራውዘሩ ያለውን ቅጂ መለያ፣ ኢታግ የሚባለውን፣ ይዞ ይመጣና «ይሄ አለኝ፣ ተቀይሯል?» ይላል። ካልተቀየረ ሰርቨሩ 304 ብሎ ምስሉን ሳይልክ ይመልሰዋል። ከተቀየረ 200 ብሎ አዲሱን ይልካል። ነጋዴው ቀኑን ሙሉ ሃያ ጊዜ ቢከፍተው ምስሉ የሚወርደው አንዴ ነው፣ የቀረው ጥያቄና መልስ ብቻ ነው። አፓቼም ኤንጂንኤክስም (ሁለቱ የተለመዱ የሰርቨር ሶፍትዌሮች) ለተራ ፋይል ኢታጉን ራሳቸው ይሰጣሉ፣ እናንተ የምትጽፉት የለም።

ሲፓነል (ሆስቲንጉን የምታስተዳድሩበት ገጽ) ያለው ሆስቲንግ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዶት-ኤችቲአክሰስ የሚባለውን ፋይል የሚያነብ ሰርቨር ነው። ፋይል ማኔጀር ውስጥ ግቡ፣ ሴቲንግ ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ (ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ካልሆነ አይታይም)፣ ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ አስቀምጡ። ከዚያ ይሄን ጨምሩ፦

<ፋይልስ "ዋጋ.ጄፒጂ">
ሄደር ሴት ካሽ-ኮንትሮል "ኖ-ካሽ"
</ፋይልስ>

ብዙ ምስል ከሆነ በፋይልስ ፋንታ ፋይልስማች አድርጉና የፋይል ዓይነቶቹን ዘርዝሩ፦

<ፋይልስማች "\.(ጄፒጂ|ጄፒኢጂ|ፒኤንጂ|ዌብፒ)$">
ሄደር ሴት ካሽ-ኮንትሮል "ኖ-ካሽ"
</ፋይልስማች>

ሴቭ ስታደርጉ ገጹ 500 ኤረር ካመጣ አትደንግጡ። ወይ የጻፋችሁት ላይ ግድፈት አለ፣ ወይ ሞድ-ሄደርስ የሚባለው ሞጁል ሰርቨሩ ላይ አልተከፈተም። ኮፒውን መልሱ፣ ሞጁሉን ሆስቲንጉ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ።

ኤንጂንኤክስ ዶት-ኤችቲአክሰስን አያነብም፣ እዚያ ላይ ብትጽፉ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ዋናው ኮንፊግ ውስጥ ለምስሎቹ በተሠራው ሎኬሽን ብሎክ አድ-ሄደር ካሽ-ኮንትሮል "ኖ-ካሽ"; ትላላችሁ (አድ-ሄደር ላይ ያለችው ሰረዝ በላቲን ስትጻፍ የታችኛዋ ሰረዝ ናት)። በፊት ኤክስፓየርስ 30ዲ የሚል መስመር ካለ አውጡት፣ አለዚያ ሁለቱ ይጣረሳሉ። ሌላም ነገር አለ፦ ሎኬሽን ውስጥ አንድ አድ-ሄደር ከጻፋችሁ ከላይ በሰርቨር ደረጃ የጻፋችኋቸው አድ-ሄደሮች ወደዚያ ሎኬሽን አይወረሱም፣ እንደገና መጻፍ አለባችሁ። ከጨረሳችሁ በኤንጂንኤክስ -ቲ ፈትሹና ሪሎድ።

በጭራሽ መቀመጥ የሌለበት፦ ኖ-ስቶር

አሁን እውነተኛው መዝጋት። ካሽ-ኮንትሮል ላይ ኖ-ስቶር ስትሉ ብራውዘሩ ቅጂ እንዳያስቀር ነው የምታዙት። ይሄ ለዋጋ ዝርዝር አይደለም፣ ለሎጎም አይደለም። ደንበኛ የላከው የባንክ ደረሰኝ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የተማሪ ውጤት፣ እንዲህ ላለ የግል ነገር ነው። ደሴ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የከፈተው ሰው ከወንበሩ ሲነሳ ተከታዩ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ቅጂውን እንዳያገኘው።

አጻጻፉ ከላይ ያለው ነው፣ ኖ-ካሽ በሚለው ቦታ ኖ-ስቶር ይገባል። ግን የግል ምስል መጀመሪያውኑ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ የሚከፍተው ፎልደር ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ሰውዬው ሎግኢን ማድረጉን በሚያረጋግጥ ፒኤችፒ ፋይል በኩል ይለፍ፣ ሄደሩንም ያ ፋይል ይላክ፣ ምስሉ ከመውጣቱ በፊት። ፒኤችፒ ሴሽን ስታርት ስትሉ ካልቀየራችሁት በቀር ኖ-ስቶርን ራሱ ይልካል። አብሮ የሚልከው ኤክስፓየርስ ቀን ኖቬምበር 19፣ 1981 ነው፣ ስታዩት ሰርቨሩ አበደ እንዳትሉ፣ ሆን ተብሎ ያለፈ ቀን ነው።

ኖ-ስቶር ቁልፍ አይደለም። ስክሪንሾት የሚያነሳን ሰው አያቆምም፣ «ምስሉን አስቀምጥ» የሚለውንም አይከለክልም።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የምታገኙት ረጅም ሰንሰለት አለ፣ ኖ-ስቶር፣ ኖ-ካሽ፣ መስት-ሪቫሊዴት፣ ፕራግማ፣ ኤክስፓየርስ 0፣ ፖስት-ቼክ፣ ፕሪ-ቼክ። ግማሹ ለ1990ዎቹ ሶፍትዌር የተጻፈ ነው፣ ፖስት-ቼክና ፕሪ-ቼክ ደግሞ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነገር ነበሩ። ለዛሬ ብራውዘር ኖ-ስቶር ብቻዋን ትበቃለች።

ሜታ ታግስ? ኤችቲኤምኤሉ ራስጌ ላይ ካሽ እንዳይያዝ የሚል ሜታ ታግ መጻፍ ለምስል ምንም አይሠራም። ምስሉ ለብቻው የሚጠየቅ ፋይል ነው፣ የራሱ ሄደር ነው የሚገዛው።

ገጹ ክፍት እንደሆነ ከሆነ

ሱቅ ውስጥ ቲቪ ላይ ዋጋ የሚያሳይ ገጽ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል። በጃቫስክሪፕት በየደቂቃው ያንኑ ሊንክ መልሳችሁ ብትሰጡት ሄደራችሁ ትክክል ሆኖም ምስሉ ላይቀየር ይችላል፤ ብራውዘሩ በዚያው ገጽ ላይ ቀድሞ የጫነውን ምስል ሚሞሪ ውስጥ ስለሚይዝ ሳይጠይቅ መልሶ ያሳያችኋል። እዚህ ብቻ ሰዓቱን ከሊንኩ ጀርባ መለጠፍ ተገቢ ነው። ወይ ደግሞ ፌች የሚባለውን ካሽ፦ ሪሎድ ከሚል ምርጫ ጋር ጥሩት፣ ከሰርቨር አምጥቶ የተሸጎጠውንም ያድሰዋል፣ ከዚያ ያመጣውን ምስል አሳዩ።

በመሃል ያሉት

ክላውድፍሌር ካላችሁ ምስል በነባሪው ይሸጉጣል። ዳሽቦርዱ ላይ ፐርጅ በሉትና የዚያን ምስል ሊንክ ብቻ ስጡት፣ ሁሉንም መጥረግ አያስፈልግም። ዲዛይን እየቀያየራችሁ ከሆነ ዴቨሎፕመንት ሞድን አብሩት፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ራሱ ይጠፋል። ብራውዘር ካሽ ቲቲኤል የሚለውንም እዩት፣ የናንተን ሄደር እንዲያከብር አድርጉት። ፐርጅ የክላውድፍሌርን ቅጂ ነው የሚጥለው፣ የሰው ስልክ ውስጥ ያለውን አይነካም።

ኦፔራ ሚኒ ላይ ዳታ ቆጣቢው ሲበራ ገጹ በኦፔራ ሰርቨሮች በኩል ተጨምቆ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ በሱ አትፈትኑ።

ሲጨርሱ መፈተሽ

ኮምፒውተር ላይ ኤፍ12፣ ከዚያ ኔትወርክ የሚለው። ምስሉን ንኩትና ሄደሮቹን አንብቡ፣ ካሽ-ኮንትሮል የጻፋችሁትን ነው የሚለው? ከዲስክ ካሽ ወይም ከሚሞሪ ካሽ የሚል ካያችሁ ሰርቨሩ አልተጠየቀም ማለት ነው። 304 ካያችሁ ተጠይቋል፣ አልተቀየረም። «ካሽ አጥፋ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት ካለ አንሱት፣ እሷ እያለች ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል፣ ኤፍ12 ሲዘጋ ደግሞ ያው ነው። ሪፍሬሽ እያደረጋችሁም አትፈትሹ፣ ሊንኩን በአዲስ ታብ እንደ ደንበኛ ክፈቱት።

ለሚደውለው ሰው «ሪፍሬሽ አድርግ» ማለትም ብዙ አይረዳም፤ ክሮም ላይ ተራ ሪፍሬሽ የሚያረጋግጠው ገጹን ነው፣ ምስሎቹን ከካሹ ሊወስድ ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አር አንድ ላይ ይጫን። ስልክ ላይ ይሄ ስለሌለ ክሮም ሴቲንግ ገብቶ ከሚጠፉት ዝርዝር ውስጥ የተቀመጡ ምስሎችና ፋይሎች የሚለውን ብቻ መርጦ ያጥፋ፤ ብቻውን መሆኑን አስረግጣችሁ ንገሩት፣ ኩኪውንም አብሮ ካጠፋው ከገባባቸው አብዛኞቹ ዌብሳይቶች ያስወጣዋል።

ቴሌግራም ላይ ሊንኩን ስትልኩ ከሥሩ የሚወጣው አሮጌ ምስል ደግሞ ከብራውዘር ጋር አይገናኝም፣ ቴሌግራም ራሱ ያስቀመጠው ነው። ዌብፔጅ ቦት ለሚባለው የቴሌግራም ቦት ሊንኩን ላኩለት፣ ያድሰዋል። ለፌስቡክ ሼሪንግ ዲበገር የሚባል ገጻቸው ላይ ሊንኩን አስገቡና ስክሬፕ አጌን የሚለውን ተጫኑ።